ቀይ የተቀባው የጓዳ መዝጊያ

መስከረም 7 ቀን፣ ሰኞ

የሚስቴ ወንድም አያሌው የጓዳዬን መዝጊያ ነቅሎ ወሰደ። ሰንጥቆ፣ በዝናብ አበስብሶ፣ ቀይ ቀለም ለቅልቆ መለሰው። በደሉ ይህ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

የወሰደው እኔ ወይፈን ልሸጥ ይፋግ ገበያ በሄድሁበት ቀን ነው። እኔ ቤት እያለሁ አይደፍርም። ለአብዮት በዓል መፈክር የሚጻፍበት ሰሌዳ ጠፋ አሉ። ወረታ ውስጥ ጣውላ የለም። አያሌው የቀበሌው ፕሮፓጋንዳ ኮሚቴ ነውና መላ መታ፤ ከሦስት ቤት ሦስት መዝጊያ ነቅሎ፣ ጎን ለጎን አቁሞ፣ በላዩ መጻፍ። የውጭ በር ቢነቀል ጅብና ሌባ ይገባል ብለው የውስጡን ነቀሉ። አስበውልናል ማለት ነው።

ሚስቴ ጥሩነሽ እጇን ዘርግታ ሰጠች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። "ለሁለት ቀን ብሎኝ ነው። ወንድሜን እንቢ ልበለው?" አለችኝ። አዎን፣ እንቢ ማለት ነበረባት። በዓሉ አልፎ መዝጊያው ከአዳራሹ ጀርባ ዝናብ ሲወርድበት ሰነበተ። ዛሬ ሁለት የጥበቃ ጎረምሶች አምጥተው ግድግዳው ላይ ደገፉትና ሄዱ። እግዜር ይስጥልን እንኳ አላሉም።

የደረሰበትን ልጻፈው።

ሁለቱ ሳንቃዎች ከተጋጠሙበት ላይ፣ ከራሱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ጣቴ ይገባል።
ማጠፊያዎቹ የሉም። የት እንዳደረሷቸው የሚያውቅ የለም።
ሦስቱን መዝጊያ በአንድ አግዳሚ ሲያያይዙ የመቱት ሚስማር በስቶት ወዲያ ማዶ ወጥቷል።
የታችኛው ጫፍ ውኃ ጠጥቶ አብጧል።
ቀለም። ከዳር እስከ ዳር።

አነበብሁት። "ችንን በእጥፍ እና" ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ሙሉው "የሩዝ ምርታችንን በእጥፍ እናሳድጋለን" ነበር አሉ። ራሱ አንድ ቤት ሄዷል፣ ጭራው ሌላ ቤት፤ ወገቡ ለእኔ ደረሰኝ። ፊደልን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ እየለቀምሁ የተማርሁ ሰው ነኝ። ያልተጨረሰ ቃል ቤቴ ውስጥ አላኖርም።

ቁጣዬ ለእንጨት ብቻ አይደለም። ሙሉ የምትባለው ልጃችን ረቡዕ ከአንበሳሜ ትመጣለች። ባሏ እዚያ መምህር ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ቀኗም ደርሷል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት እልፍኝና ጓዳው። በመካከላቸው የነበረው ይህ መዝጊያ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሚካኤል ጽዋ ተራው የኛ ስለሆነ እልፍኙ በሰው ይሞላል። አራስ ያለ መዝጊያ አትተኛም። ነፋስ አለ፣ ቢንቢ አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ጥሩነሽ ጋቢ እንጋርዳለን ትላለች። ጋቢ መዝጊያ አይደለም።

አናጺ አልጠራም፤ የምከፍለውም የለኝም። አያሌውንም አላስጠጋም። ራሴ የሠራሁትን ራሴ አድነዋለሁ።

መስከረም 8 ቀን፣ ማክሰኞ

ሚስማሮቹን ነቀልሁ። ከጀርባ በመዶሻ እየመታሁ፣ ከፊት በጉጠት እየሳብሁ። ሁሉንም ድንጋይ ላይ አቃንቼ ጣሳ ውስጥ ከተትሁ። የቀበሌ ሚስማር ነው። አልመልስም።

መዝጊያው ዋንዛ ነው። ሁለት ሰፋፊ ሳንቃ፣ ከጀርባ ሦስት ማገር። ስሠራው አናጺ አላሳየኝም፤ የተሰበረ ወንበር ፈትቼ ነው አገጣጠሙን ያወቅሁት። እስከ ዘንድሮ አንድ ቀን ሲጢጥ ብሎ አያውቅም።

ሐጅ ሰኢድ ሱቅ ሄድሁ። ማጠፊያ የለም። ኮላ የለም። የብርጭቆ ወረቀት የለም። ያለው ከበዓሉ የተረፈ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ፊቴን አይቶ ሳቀ። "እሱንም ቢሆን ለአንቱ አልሸጥም፤ ቀይ ከዚህ በላይ አያስፈልግዎም" አለኝ። ሐጅ እንዲህ ነው፣ ሰው ሲቆጣ ይቀልዳል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጽሕፈቱን ሊፍቁት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልሁት። እንግዲያው ጓሮ ወስደው ይፋቁት፣ በደጅ አይሁን አለኝ።

ለምን በጓሮ? የሰረቅሁት ነው?

ከሰዓት በኋላ በደጄ፣ መንገደኛ እያየ፣ ፋቅሁት። እርጥብ እንጨት በመላጊያ ቢነካ ይቦጨቃል፤ ስለዚህ ጠርሙስ ሰብሬ በስባሪው ጠርዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳብሁ ነው የፋቅሁት። ቀዩ ፍቅፋቂ ጉልበቴ ላይ ተከመረ። "እና"ን ጨርሼ "በእጥፍ" ላይ ስደርስ ጥሩነሽ ወጣችና የመንግሥት ቃል ነው እኮ አለችኝ። በመንግሥት ሰሌዳ ላይ ቢሆን የመንግሥት በሆነ ነበር። የተጻፈው በእኔ መዝጊያ ላይ ነው። አንገቷን ነቀነቀችና ፍቅፋቂውን ጠርጋ ለእሳት መለኮሻ ወሰደችው።

መሸ። ፊደል የሚባል አልቀረም። ጣቶቼ ቆሳስለዋል፣ ግን ዋንዛው መልኩን ማሳየት ጀምሯል። ዛሬ ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነው።

መስከረም 9 ቀን፣ ረቡዕ

ሙሉ መጣች፣ በጨው መኪና ጋቢና ውስጥ። ሾፌሩ ሰው ነው፤ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ቀስ ብሎ ነድቶላታል። ሆዷ ወደ ታች ወርዷል። ጥሩነሽ አየችና ተጣድፋ መኝታ ልታነጥፍ ገባች። ጥድፊያዋን አልወደድሁትም።

ሙሉ ወደ ጓዳ ስትገባ ባዶውን መቃን በእጇ ዳሰሰች። "አባባ፣ መዝጊያውስ?"

ነገ ይሰቀላል አልኋት። ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገ መሰቀል አለበት።

ሙጫ አፈላሁ። የቆዳ ቁራጭና ጅማት በአሮጌ ድስት ቀኑን ሁሉ ሲፈላ መዋል አለበት። ሽታው ቤቱን ሞልቶ ሙሉን አቅለሸለሻት፤ ድስቱን ተሸክሜ ከአጥሩ ማዶ ወሰድሁት። ጠፍርም ውኃ ውስጥ ነከርሁ። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አልጋ የሚወጠርበት እሱ ነው። ሳንቃ አጣብቆ የሚይዝ ብረት ስለሌለኝ ጠፍሩ ይይዝልኛል።

አመሻሽ ላይ አያሌው የእህቱን ልጅ ሊጠይቅ መጣ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሙሉን ስሞ ወጣና ከኋላዬ ቆመ። መዝጊያውን ያኔ አየው።

"አያ ፈንቴ፣ ፋቁት?"

ጠፍሩን ውኃው ውስጥ ደፈቅሁት።

"ለእሑዱ ስብሰባ ይፈልጉታል እኮ። ሰሌዳውን መልሱ ማለታቸው አይቀርም።"

"ሰሌዳ የለኝም" አልሁት። "ያለኝ መዝጊያ ነው።"

ጠፍሩን በአንድ ወገን ልሳብልዎ አለ። አንዴ ረድተኸኛል፣ ይበቃኛል አልሁት። ቆሞ ቆሞ ሄደ። ይህ ልጅ፣ ልጅ እላለሁ እንጂ ሽበት አውጥቷል፣ እህቱን ያገባሁ ጊዜ ክረምት ሜዳው በውኃ ሲሞላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ያሻገርሁት ነው። ያኔ ይፈራኝ ነበር። ምነው እንደፈራኝ በቀረ።

መስከረም 10 ቀን፣ ሐሙስ

ጠዋት ሙጫውን ትኩሱን ስንጥቁ ውስጥ አፈሰስሁ። የዋንዛ ብናኝ ከሙጫ ጋር ለውሼ የሚስማር ቀዳዳዎቹን ደፈንሁ። ከዚያ በእርጥቡ ጠፍር ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች አሰርሁት፤ በአጭር ዱላ አዙሬ አጠበቅሁትና ፀሐይ ላይ አጋደምሁት።

ጥሩነሽ ወጥታ አየች። "በጣም ጠበቀ። ትንሽ አላላው" አለች። የአልጋ ጠፍር ሲወጠር እያየች ያደገች ሴት ናት። አላላላሁም።

ከመኪና ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት ልለምን ወደ ጎንደር መንገድ ወጣሁ። ያበጠውን የታችኛውን ጫፍ ከምስጥና ከውኃ የሚያድነው እሱ ነው። አንዱ በቆርቆሮ ሞልቶ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ሁለት ነገር ጠበቀኝ።

ጠፍሩ በቀትር ፀሐይ ከመጠን በላይ ተኮማትሮ የቀኙን ሳንቃ ከታች ሰንጥቆታል። ያልነበረ፣ አዲስ ስንጥቅ። ዝናብ ያልጠጣ እንጨት ቢሆን ይህን ይችል ነበር። ጥሩነሽ ጣቷን በስንጥቁ ላይ አሳልፋ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ የቀበሌው ጥበቃ ለእሑድ ስብሰባ ሰሌዳውን ሊወስድ መጥቶ ነበር። መዝጊያው እንደ ሌባ ታስሮ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ አገኘው፤ ፊደል የለበትም። ማን ፋቀው ብሎ ጠየቀ። ጥሩነሽ እኔ ምን አውቄ አለች። መፈክሩን የፋቀ ሰው ነገ ጠዋት ቀበሌ ይቅረብ ብሎ ሄደ።

እቀርባለሁ።

ጥሩነሽ ራቷን አልበላችም። ልጅህ ልትወልድ አንተ ልትታሰር ነው፣ ዝናብ አጥቦት ነው ብትል ምን አለበት አለችኝ። ዝናብ አላጠበውም፤ እኔ ነኝ የፋቅሁት። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ የቀበሌ ጸሐፊ ብዬ ውሸት አልማርም። የምሰጋው ለአንድ ነገር ነው፤ ቢያስሩኝ መዝጊያውን ማን ይጨርሰዋል? ሙሉ ዛሬ ወገቧን ይዛ ስትመላለስ ዋለች። ነገ ይሰቀላል ያልኋት ዛሬ ነበር። አላነሳችብኝም።

መስከረም 11 ቀን፣ ዓርብ

ጋቢዬን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ቢያሳድሩኝ ብዬ ቆሎ በኪሴ ቋጥሬ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው ወጣት ነው። ምን ፈልገው ነው አባት አለኝ። መፈክሩን የፋቀ ሰው ይቅረብ ብላችኋል አልሁት።

"እሱማ ትናንት ማታውኑ ቀርቧል" አለኝ። "ጓድ አያሌው አምኗል። ቀለሙን ዝናብ ስላደበዘዘው እንደ አዲስ ልጽፍበት ብዬ የፋቅሁት እኔ ነኝ ብሏል። ያለ ኮሚቴው ውሳኔ ነው ያደረገው። እሑድ በስብሰባው ፊት ግለ ሂስ ያደርጋል። የጎደለውንም መዝጊያ ከገዛ ቤቱ ነቅሎ ያመጣል። አንቱ ለምን መጡ?"

አፌን ከፈትሁ። ውሸት ነው ልል ነበር። ብል ግን አያሌው ለኮሚቴው የዋሸ፣ ጥፋተኛ የሸሸገ ሰው ይሆናል፤ ያ ከመፋቅ ይብሳል። ሰው በትንሽ ነገር ወጥቶ የቀረበት ጊዜ ነው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ዓይን ዓይኔን ያያል።

"መዝጊያዬን ዳግመኛ እንዳትወስዱ ልነግራችሁ ነው" አልሁት። ይህም እውነት ነው። ወጣሁ።

መሬቱን በዱላዬ እየወጋሁ ተመለስሁ። ማን ለመነው? መዝጊያዬን ያለ ፈቃዴ ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቴን ያለ ፈቃዴ ወሰደ። ይህ ሰው የኔን ነገር ሳይጠይቅ ማንሳት ለምዷል። ለጥሩነሽ ስነግራት አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቅሁም።

ሥራ ያዝሁ። ጠፍሩን ቆርጬ ጣልሁት። ከላይ ያለው አሮጌው ስንጥቅ ጥርቅም ብሎ ተጣብቋል፤ ሙጫው ጥሩ ሙጫ ነበር። ለአዲሱ ስንጥቅ ከደረቅ ወይራ ሁለት ጫፉ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን የሆነ ቁራጭ አበጀሁ። ስንጥቁን አቋርጬ በመሮ ልኩን ቆፈርሁና ሙጫ ቀብቼ ከተትሁት። እንዲህ ሁለት ቦታ። ሳንቃው ልክፈት ቢል ወገቡ ይይዘዋል። ዛሬ ማድ ቤት፣ ጥላ ውስጥ ነው ያስቀመጥሁት፤ እስኪደርቅ እንዳይነካ አዝዣለሁ።

ማጠፊያ ስለሌለ አሮጌ በርባሶ ጫማዬን አርጄ ከጎማው ሦስት ማጠፊያ ቆረጥሁ። ጎማ አይዝግም፣ ድምፅም የለው። በተቃጠለው ዘይት ግን ተሸነፍሁ። ጥሩነሽ አራስ ቤት በዚህ ሽታ ብላ ቆርቆሮውን ደፋችብኝ፤ በምትኩ ኑግ ወቅጣ፣ ዘይቱን በጨርቅ ጨምቃ ሰጠችኝ። ኑግ ምስጥ አይከላከልም። ልነግራት ጀምሬ ተውሁት።

መስከረም 12 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሚካኤል

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የጽዋው ሰዎች ገብተው፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ከመቆረሱ ሙሉን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ወይዘሮ ዘውዴ ተጠርታ መጣች። ዝናቡም በዚያው ሰዓት ወረደ፤ የሐምሌ ዝናብ እንጂ የመስከረም አይመስልም። እንግዶቹ እንውጣ ቢሉ የሚወጡበት የለም። ጋቢ ተጋረደ። ከሐይቁ በኩል የመጣው ነፋስ አንዴ ገልቦ ጣለው፣ ሁለተኛም ጣለው። ሽማግሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ወይዘሮ ዘውዴ ራሷን አወጣችና፣ "ወይ መዝጊያ አምጡልኝ ወይ ወንዶቹን አውጡልኝ፤ ልጅቱ እፍረት ይዟት አታምጥም" አለች።

ማድ ቤት ሮጥሁ። መዝጊያዬ እንደተጋደመ ነው። የወይራውን ቁራጭ በጣቴ ብነካው ሙጫው ገና እንደ ሊጥ ነው። ላነሳው ስል ጥሩነሽ ክንዴን ያዘች። "አሁን ብታነሳው ለሁለት ይከፈላል።" እውነቷን ነው። ዕቃዬ በክፉ ቀን ከዳኝ። ከዳኝ ወይስ ሰው ከዳው፣ እንጃ።

በዚህ መሐል ጥሩነሽ ወደ ደጅ ወጥታ መንገደኛ ጠራች። አያሌው ነው። የራሱን ቤት መዝጊያ በራሱ ላይ ተሸክሞ በዝናቡ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ገባ። ውኃው ከመዝጊያው ላይ እየወረደ እልፍኙን አጨቀየው። መቃኑ ላይ ብንገጥመው አልገጥም አለ፤ የሱ ከኔ በስንዝር ይሰፋል። መደገፍ እንጂ መሰቀል አይቻልም፣ ተደግፎም ካልተያዘ ይወድቃል። ስለዚህ አንዱን ዳር እሱ፣ አንዱን ዳር እኔ፣ በጀርባችን ደግፈን ቆምን። ፊታችን ወደ ጽዋው ሰዎች። ሳምንቱን ሁሉ ተኳርፈን የሰነበትን መሆናችንን ሁሉም ያውቃል።

"አያ ፈንቴ፣ ወደኔ እያጋደለ ነው።"

"አታናግረኝ።"

"እሺ።" ጀርባውን አስተካከለና፣ "ግን እያጋደለ ነው።"

ገፋሁለት። አንዱ የጽዋ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ቄሱ ዳዊታቸውን ገለጡ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሙሉ ከወዲያ መዝጊያውን ይዛ ነበር የምታምጠው። ስትገፋ በጀርባዬ ይሰማኛል። ስታቃስት እንጨቱ ውስጥ ያልፋል። ብለቀው እሷ የምትወድቅ መሰለኝ። ወገቤ ተቃጠለ። ሰው ልተካህ ቢለኝም እንቢ አልሁ፤ አያሌውም እንቢ አለ።

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳላየው፣ ለምን ዋሸህ አልሁት።

"ታዲያ አንቱ ቢታሰሩ እህቴ አራስ ትይዝ ወይስ ስንቅ ታመላልስ?"

"አልለመንሁህም።"

"አልለመኑኝም" አለ። "መዝጊያውንም ሳይሰጡኝ ነው የወሰድሁት። እንግዲህ እንደዚያው ይቁጠሩት።"

የምመልሰው ነበረኝ። ሙሉ ጮኸች፤ መዝጊያው በጀርባችን ተናወጠ። ከዚያ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚህ በኋላ አያሰማኝ። ከዚያ ልቅሶ። ከዚያ እልልታ፣ ሦስት ጊዜ። ሴት ናት።

ወይዘሮ ዘውዴ በመዝጊያው ሥር በኩል፣ "እንኳን ማርያም ማረቻት፤ እንዳትለቁት ብቻ፣ ገና ነኝ" አለች። አልለቀቅንም።

ሁሉ ተስተካክሎ ጋቢው በደንብ ከተወጠረ በኋላ አያሌው መዝጊያውን መልሶ በራሱ ላይ አደረገ። አዳራሹ ይጠብቁታል። ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ቀና ልል ሞከርሁ፣ ወገቤ እንቢ አለኝ። እንደጎበጥሁ ስሸኘው ያየኝ ሰው አክብሬው ይመስለው ይሆናል። ወገቤ ነው።

መስከረም 13 ቀን፣ እሑድ

ስብሰባው ላይ የቤት አባወራ ሁሉ ተቆጥሯል። የአያሌው መዝጊያ መድረኩ ላይ ከሌሎቹ ጋር ቆሟል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሌላ ሰው ነው የጻፈበት።

አያሌው ተነሳ። ያለ ኮሚቴው ውሳኔ፣ በግል ስሜት ተነሳስቼ፣ የአብዮቱን መፈክር ፋቅሁ፤ ጥፋቴን አምናለሁ አለ። ድምፁ ጠንካራ ነበር። የገዛ ልጁ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ያየዋል። ሊቀ መንበሩ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ከኮሚቴው ወርዷል፤ ክረምቱ የሞላውን የሜዳውን ቦይ ከሚጠርጉት ጋር ይሰለፋል ተባለ። ቀጥሎ ሊቀ መንበሩ፣ "አስተያየት ያለው?" አለ።

በዚህ አዳራሽ አስተያየት ሲጠየቅ ዝም ብዬ አላውቅም። ስለ ስኳሩም፣ ስለ ግጦሹም፣ ሁሉ ዝም ሲል የምነሳው እኔ ነኝ። ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ሐጅ ሰኢድ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ፤ ሊያስነሣኝ አይደለም፣ ሊጫነኝ ነው። አያሌውም አየኝ። አልለመነኝም፤ ራሱን አልነቀነቀም። አየኝ ብቻ።

ብነሳ ምን እንደምል አውቃለሁ። ሦስት ቃል ነው። የፋቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ እኔ ንጹሕ እሆናለሁ፣ እሱ ይወሰዳል።

አልተነሳሁም።

ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ስወጣ አንዱ አያ ፈንቴ ዛሬ ምነው ዝም አሉ፣ አመምዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፣ ወገቤን አልሁት። ወገቤን አሞኛል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን እንደዚህ እየተጠነቀቅሁ፣ እውነትን እንደ ሥጋ እየመተርሁ መናገር ያስለመደኝ ማነው? መዝጊያዬን የሰነጠቀ ሰው ይህንንም ሰነጠቀብኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ይህንን ሁሉ ለእኔ ብሎ ማድረጉ ነው። በክፋት ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

መስከረም 14 ቀን፣ ሰኞ

ተሰቀለ።

ሙጫው ደርቋል። የወይራው ቁራጭ ንቅንቅ አይልም። ያበጠውን ጫፍ በመላጊያ ላግሁት። በኑግ ዘይት ሁለት ጊዜ አሸሁት፤ ጥሩነሽ ጨርቁን ይዛ ሌላውን ወገን አሸች። የጎማውን ማጠፊያ በሚስማር መታሁ። ገፋሁት፣ ዘጋሁት። ድምፅ የለውም። ከቀለሙ ወደ ዋንዛው ውስጥ የሰረገ ትንሽ ቀይ አለ፣ ሰው ካልተጠጋ አይታይም። ሙሉ ከውስጥ፣ "አባባ፣ አሁን ነፋሱ ቆመ" አለችኝ። ሕፃኗ ተኝታለች።

ከቀትር በኋላ አራስ ጠያቂ መጣ። አያሌውና ሚስቱም መጡ፤ ሚስቱ የገንፎ እህልና ቅቤ ይዛለች። እነሱ ጓዳ ላይ አሁን የተንጠለጠለው ጆንያ ነው፤ ጥሩነሽ ነግራኛለች። አያሌው እልፍኝ ተቀመጠ። እጁ ላይ የጠዋቱ የቦይ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠላ እንዲቀዳለት ለጥሩነሽ በዓይኔ ነገርኋት። ተቀዳለት። ጠጣ።

የተሰበሰበው ሰው ግን ወሬ አማረው። አንዱ የቅዳሜውን ሊያስተርከኝ ይፈልጋል፣ ሁለት ሰው በጀርባው በር ሆኖ የዋለበትን። ሌላው መዝጊያውን በእጁ እየዳሰሰ፣ ጥሩ ተፍቋል፣ ማን ፋቀው አለኝ፤ ለነገር ይሁን ለሙያ አላወቅሁም። አያሌው ዋንጫውን ከአፉ አላነሳም።

"ገንፎው ይቀዘቅዛል፣ ብሉ" አልሁ።

ይቅርታ አላደረግሁለትም። ምስጋናም አልሰጠሁትም። ልናገር ብል ወይ እውነቱን ተናግሬ እሱን አስወስዳለሁ፣ ወይ ዋሽቼ እኔ እዋረዳለሁ፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ጥሩነሽ ብትጠይቀኝ፣ ሙሉ ብትጠይቀኝ፣ ይህች ሕፃን አድጋ ብትጠይቀኝ፣ ቄሱ በንስሐ ቢጠይቁኝ፣ መዝጊያው እንዴት እንደተሰበረ፣ ማን እንደፋቀው፣ ማን ስለማን እንደተቀጣ ከአፌ አይወጣም። የተቆጣሁት እንደተቆጣሁ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር አልናገርም።